ተፋትቻለሁ ያለችው ሚስት

ሜትር የሚሏት አንገቷ ላይ ከማይጠፋው የልብስ መለኪያ የተነሳ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ወርክሾፕ ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ዓይኗን የአንድ ልጅ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ "ሠላሳ ስድስት" ካለች ሠላሳ ስድስት ነው፤ አላምንም ብሎ የለካ ሁሉ አፍሮ ተመልሷል። እንዲህ ያለች እርግጠኛ ሴት፣ በአርባ ሰባት ዓመቷ፣ ስለ ገዛ ራሷ አንድ ትልቅ ነገር ሳታውቅ መኖሯ የተገለጠው ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋብቻ በሚመዘገብበት ቢሮ ውስጥ ነው።

አብሯት የመጣው ሰው የአንድ ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበር፤ ባለንብረቱ ይሉታል። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። ሜትር ስድስት ዓመት ሙሉ ዩኒፎርም ስታስረክበው ኖራለች። አንድ ቀን ሱሪዎቹን ቆጥሮ ሲጨርስ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ፣ "መቶ ሃያ ሱሪ ተረክቤያለሁ፤ አንቺንም ብረከብ ደስ ይለኛል" አላት። ሳቀች። ሦስት ቀን አስባ እሺ አለችው።

መዝጋቢዋ ልጅ እግር ናት። የሜትርን መታወቂያ ተቀብላ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን አስገባችና ግንባሯን ቋጠረች።

"እርስዎ ባለትዳር ነዎት እኮ።"

"ገና ልንፈራረም ነው፣ ልጄ፤" አለች ሜትር ፈገግ ብላ።

"ከእኚህ ሰው ጋር አላልኩም። መዝገቡ ላይ ሌላ ባል አለዎት።"

ሜትር ተረጋግታ ቦርሳዋን ከፈተች። ነገር አይጠፋም ብላ፣ በላስቲክ የጠቀለለችውን ወረቀት ይዛ ነበር። ከሰባት ዓመት በፊት ታላቅ ወንድሟ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ የጻፈው ነው። እሷ በቤቷ እንድትቀር፣ ባሏ መሣሪያዎቹን ይዞ እንዲወጣ፣ ልጃቸው እናቷ ጋር ሆና አባቷን በፈለገች ጊዜ እንድታይ ይላል። እሷም፣ ባሏም፣ ወንድሟም፣ የባሏ አጎትም ፈርመውበታል። መዝጋቢዋ ሁለቴ አንብባ መለሰችላት።

"ይሄ የዘመድ ስምምነት ነው፣ እናቴ። በዚህ አልተፋቱም። ጋብቻ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው።"

ባለንብረቱ ተከትሏት ወጣ። መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ "ከመዝገብ ያልተሰረዘ ንብረት ነሻ" አለ። ለቀልድ ብሎት ነበር፤ ግን ማንም አልሳቀም። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ቆመና፣ "እንግዲህ እኔ የሰው ሚስት ነው ላግባሽ ስል የኖርኩት?" አላት።

"እኔስ ምን አውቄ" አለች። እውነትም አታውቅም ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ወንድሟ ዘንድ ነው። ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን አድርጎ፣ ተማሪ ያረመበት ይመስል ከላይ እስከ ታች መረመረው። "ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?" አለ ቅር ብሎት። ወርክሾፕ ውስጥ ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዋ፣ ሰባት ዓመት ተለያይቶ የኖረ ጋብቻ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል አለቻት። ጎረቤቷ በበኩሏ፣ ቀድሞ የከሰሰ ይረታልና ሳይነቃ ቶሎ ክሰሺው ብላ መከረቻት። ማንን ትስማ? ከሁሉም ሰምታ አንዱንም ሳትረዳ ሳምንት አለፈ። በዚያ ሳምንት ሁለት ኮሌታ ገልብጣ ሰፋች፤ ይህ ደርሶባት አያውቅም።

በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ሄደች።

"ከሳሽ ነሽ ተከሳሽ?" አሏት፣ ጣታቸውን ኮምፒውተሩ ላይ እንዳደረጉ።

"ማንንም አልከስስም።"

"ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?"

"መፋታት።"

"ባልሽ ምን በደለሽ?"

"አሁን? አሁንማ ምን ይበድለኛል፤ ካየሁት ዓመት ሊሞላኝ ነው።"

ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡና ወደ እሷ ዞሩ። "ስሚኝ፣ ልጄ። መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ሲፈልግ ሌላው እምቢ ካለ፣ ፈላጊው ብቻውን ያመለክታል፤ ሌላው መጥሪያ ደርሶት መልስ ይሰጣል፤ ይከራከራሉ። ሁለታችሁም ከፈለጋችሁ ግን ስምምነታችሁን ጽፋችሁ በአንድ ማመልከቻ ትመጣላችሁ። ያኔ ከሳሽም ተከሳሽም የለም።"

"አብረን ነው የምንመጣው?"

"አብራችሁ።"

"ለመለያየት?"

"ለመለያየት አብሮ መምጣት ነው የሚሻለው። ይሄ በር ላይ የሚያረጁት ለየብቻ የመጡት ናቸው።"

ባሏ የውኃ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ቧንቧው ይሉታል። የትዳራቸውን ዘመን ሌላ ከተማ ቱቦ ሲቀብር ነው የጨረሰው። በአራት ወር አንዴ ሲመጣ፣ በገዛ ቤቱ ፎጣ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። እሷም እንደ እንግዳ ተነስታ ታቀብለዋለች። አልተጣሉም፤ ቢጣሉ ምናልባት የሚነጋገሩት ነገር ይኖራቸው ነበር። አንድ ቀን እሱ ራሱ፣ "ስመጣ የምትጨነቂ ይመስለኛል" አለ፤ እሷም አላስተባበለችም። ወረቀቱ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ስትደውልለት ከጀርባው የውኃ ድምፅ ይሰማል።

"አልተፋታንም" አለችው።

"ተፋተን የለም እንዴ?"

"የለም።"

ውኃው ተዘጋ። "ታዲያ ምን ሆነን ነው የኖርነው?" አለ። እሷ ሽማግሌው ያሏትን ነገረችው፤ እሺ አለ፤ በአንድ ማመልከቻ ጠይቀው ቀጠሮ ተሰጣቸው።

በቀጠሮው ቀን ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። ክንዱ አጠር ያለ ነው፤ እጅጌው ሁለት ጣት ይተርፈዋል፤ ሜትር ሳታስበው ዓይኗ ለካው። ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊት ለፊት ያለ የእጅ መታጠቢያ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ቧንቧው ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው። በሦስተኛው ተነስቶ፣ ከኪሱ ትንሽ መፍቻ አውጥቶ፣ እጀታውን ፈታ፤ ውስጡን ጠርጎ መልሶ አሰረው፤ ጠብታው ቆመ። ጥበቃው፣ "ማን ፈቀደልህ?" ሲለው፣ "ማንም" አለና እጁን በመሀረብ ጠርጎ ተመልሶ ተቀመጠ። ሜትር ሳቋን ለማፈን አፏን ያዘች። ይህን ሰው ከወጣትነቷ ጀምሮ እንደምታውቀው ድንገት ትዝ አላት። የመጣችው ልትገላገለው ነበር፤ አሁን ግን የምትገላገለው ምኑን እንደሆነ ግራ ገባት።

ዳኛዋ ሴት ናቸው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

"የምትፋቱበት ምክንያት ምንድን ነው?"

ሁለቱ ተያዩ። "ክብርት ዳኛ፣ እኛ እኮ ተፋተናል ብለን ነው የኖርነው" አለ እሱ።

"በሕግ ፊት ዛሬም ባልና ሚስት ናችሁ።" ዳኛዋ የወንድሟን ወረቀት አነሱ። "ይሄ ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ስለ ቤቱና ስለ ልጃችሁ መስማማታችሁን ያሳያል። ልጃችሁ ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሃያ" አሉ እኩል።

"ተገዳችሁ ነው የመጣችሁ?"

"የለም" አሉ፣ አሁንም እኩል። ዳኛዋ ብዕራቸውን ይዘው ለአፍታ ተመለከቷቸው፤ ከዚያ የሁለት ወር ማሰቢያ ሰጧቸው።

ውጭ ሲወጡ፣ "ሰባት ዓመት አስበን አልነበረም?" አላት።

"ያኛው አይቆጠርም መሰለኝ።"

ከወር በኋላ ደወለ። "እያሰብሽ ነው?"

"ታዘናል አይደል። አንተስ?"

"እኔ እየሠራሁ ማሰብ አይሆንልኝም። ማታ ማታ ግን ትንሽ አስባለሁ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ከፋሁብሽ እንዴ ያኔ?"

"አልከፋህም። አልነበርክም እንጂ።"

"እውነትሽን ነው" አለ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ትምህርት አወሩ፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ። ባልና ሚስት ሳሉ ይህን ያህል አውርተው አያውቁም። ስልኩን ስትዘጋ አለቀሰች። እሱን መልሳ አልፈለገችውም፤ ይህን ታውቃለች። ባለንብረቱን መፈለጓንም ታውቃለች። ሁለቱን ማወቋ ግን ልቧን አላጠራላትም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛዋ፣ "አስባችሁበታል?" አሉ፤ "አስበናል" አሉ። የተነበበው ውሳኔ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉ አለቀ። ኮሪደሩ ላይ ቧንቧው እጁን ዘረጋላት፤ ጨበጠችው፤ ከዚያ ጨብጦ መለያየቱ ቀለለባቸው መሰል ተቃቀፉ። "ሸሚዝህን አምጣልኝ፣ እጅጌውን አሳጥርልሃለሁ" አለችው። "እሺ" አለ፤ ግን አላመጣውም።

ማኅተም ያረፈበትን ግልባጭ ይዛ ከባለንብረቱ ጋር ወደ መዝጋቢዋ ተመለሰች። ልጅቷ አንብባ፣ "አሁን ተፋትተዋል" አለች። "ግን ሴት ከተፋታች በኋላ መቶ ሰማንያ ቀን ካልሞላት እንደገና ማግባት አትችልም። ነፍሰ ጡር አለመሆንዎን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ካመጡ ይነሳልዎታል።"

"ነፍሰ ጡር?" አለች ሜትር። "በሰባት ዓመቱ?"

"ሕጉ ነው፣ እናቴ።"

ባለንብረቱ ሰዓቱን አይቶ ተነሳ። "ክሊኒኩ እዚሁ ጥግ ላይ ነው፤ ከምሳ በፊት እንደርሳለን።"

ሜትር ከወንበሯ አልተነሳችም። "አይ" አለች። "ቀኑ ይቆጠር።"

"ለምን?"

"ሚስት ነሽ ሳልባል ሰባት ዓመት ሚስት ሆኜ ኖርኩ። አሁን ደግሞ ባንድ ጠዋት ከአንዱ ወጥቼ ወደ ሌላው ልገባ ነው። ትንሽ የማንም ሳልሆን ልቆይ። ከቆየህልኝ።"

ባለንብረቱ ተመልሶ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ቅሬታ ነበር፤ አልደበቀውምም። መዝጋቢዋ ወረቀቶቿን እያስተካከለች የማትሰማ መሰለች። "መቶ ሰማንያ ቀን ስንት ወር ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ስድስት" አለች መዝጋቢዋ።

ጠበቃት። በነዚያ ወራት ሜትር እሁድ እሁድ ብቻዋን ረጅም መንገድ እየሄደች ትመለስ ነበር፤ የት እንደምትሄድ ማንም አልጠየቃት፤ እሷም አልነገረችም። በስድስተኛው ወር ማለቂያ፣ ልጇ በምስክርነት ቆማ፣ ከባለንብረቱ ጋር ተፈራረሙ። አንዳንዴ ግን ዛሬም፣ ቅጽ ላይ "የጋብቻ ሁኔታ" የሚል ስታይ እስክሪብቶዋ ትንሽ ይቆማል።