ጋቢው የያዘው ወንበር

ባለፈው ሰኞ ሸቀጥ ላደርስ ወደ አዲ አርቃይ ስሄድ፣ ጎንደር መናኸሪያ ከጎኔ የነበረው ሰው ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ጣለና ሻይ ሊጠጣ ወረደ። መኪናው ሞልቷል፤ ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ረዳቱ «ባለጃኬቱ የት ገባ?» እያለ ይጮኻል። ጥሎት ለመሄድ ግን ማንም አላሰበም። ልብስ ካለ ሰው አለ። እኔን ብቻ የአባቴ ጋቢ ትዝ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ፣ ለንደን የምትኖረው ታላቅ እህቴ አባባንና እኔን ጠርታን ነበር። እሷን ሥራ ስለማይለቃት የእንግሊዝን ጥንታዊ ከተሞች በሚያስጎበኝ አውቶቡስ አሳፈረችን። ዳቦና ቆሎ ቋጥራ «አባባን አደራ» አለችኝ። እኔ ከዛሪማ ጎንደር ጨርቅ ስነግድ የኖርኩ ሰው፣ ስለ አውቶቡስ የሚነግረኝ አለ ብዬ አላስብም ነበር።

አባባ ጠዋቱን ሙሉ በጋቢያቸው እስከ አናታቸው ተከናንበው ተኙ። ዊንዘር ላይ ብቻ ነቅተው የነገሥታቱን ግንብ በመስኮት አዩት።

«ሸጋ ነው። ግን ግንብ ለማየት ከጎንደር መነሣት ነበረብን?»

ሳልስበሪ የምትባል ከተማ ምሳ በልተን፣ በካፊያ ወደ መኪናው ተመለስን። አባባ የቀትር ሶላታቸውን፣ ዙሁርን፣ ሊሰግዱ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሡ።

«ይተዉት አባባ፤ ወንበር ይያዝልዎት። መኪናው ልብስዎን ይዞ የት ይሄዳል?»

«ይበርደኛል እንጂ።»

«አሁን ይመለሱ የለ?»

ትተውልኝ ወረዱ። ማንም እንዳይቀመጥበት ጋቢውን ቆለል አድርጌ አስተካከልኩት። ከዚያ ምሳው ተጫነኝና እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ በሰፊ አስፋልት ላይ እንበራለን። እጄን ወደ ጎን ሰደድኩ፤ ጋቢ ብቻ።

እየተንገዳገድኩ ወደ ፊት ሮጥኩ። «አባቴ! አባቴ የለም!» አስጎብኚዋ ወደ ወንበራችን እያየች «ቆጥሬያቸዋለሁ እኮ፤ ተኝተው ነበር» አለችኝ። ጋቢውን ቆጥራው ኖሯል። ሾፌሩ እዚህ መንገድ ላይ መቆምም መዞርም ክልክል ነው አለ። አገሬ ቢሆን ጮኼ፣ ተሳፋሪውን አስነሥቼ፣ «ስለ እናትህ!» ብዬ አስቆመው ነበር። እዚያ የማውቃት እንግሊዝኛ ሁሉ አልቃ «ፕሊስ» ብቻ ቀረች። አባባ ደግሞ እሷንም አያውቋትም። ያኔ ሞባይል ብሎ ነገር በእጃችን የለም። ቀጣዩ ከተማ ባዝ እስክንደርስ ጋቢውን እንደ ሕፃን ታቅፌ፣ ለምለም መስክና የሰቡ በጎች ሲያልፉ አየሁ። ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ስንደርስ በሌላ አውቶቡስ ወደ ሳልስበሪ ተመለስኩ።

አባባ መጀመሪያ የወረድንበት ቦታ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። አንዲት የማላውቃት ሴት ጃንጥላዋን ዘርግታላቸው ቆማለች።

«ፈሩ አባባ?»

«ምን ያስፈራኛል? ልብሴ ከተሳፈረ መኪናው ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። አንተ አይደለህ ያልከኝ?»

ጋቢውን ደረብኩላቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ጎንደር ላይ ባለጃኬቱ አፉን እየጠረገ ሲመጣ ተሳፋሪው ሁሉ ጮኸበት። እኔ ጃኬቱን አንሥቼ አቀበልኩት።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ጋቢያቸው ሱቄ ውስጥ፣ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተጣጥፎ አለ። ደንበኛ ሊቀመጥበት ጎንበስ ሲል፣ ሳላስበው «ሰው አለበት» እላለሁ።