ለእትዬ ኦፓል እጅ የምትሆን ሽጉጥ

እትዬ ኦፓል ራትሊፍ ሽጉጥ የገዙት ልጃቸውን ፈርተው ነው። እዚህ ሸለቆ ውስጥ ሰው ጥግ ይዞ ሲያወራ «አሮጊቷ ለየላት፣ በዚህ ዕድሜዋ ታጥቃ ትዞራለች» ይላል። አልለየላቸውም። ሽጉጧን የመረጥኩላቸው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ አውቃለሁ።

ኮዲ እባላለሁ፣ ጋሽ ሄርሼል ሱቅ ነው የምሠራው። ሱቋ ከወንዙ ማዶ፣ ከድሮው የድንጋይ ከሰል መጫኛ ፊት ለፊት ናት። ጠመንጃ እንሸጣለን፣ ጥይት፣ መንጠቆ፣ የአደን ጃኬት፣ ምናምን። ትምህርቱን ብዙም አልገፋሁበትም፣ እውነቱን ነው የምላችሁ። ሽጉጥ ግን ጠይቁኝ! ዓይኔን ጨፍኜ ፈታትቼ እገጥማለሁ። ሰው ስለ አንዷ ይጠይቀኛል፣ ስለ አሥሯ ነግሬው ይወጣል። ጋሽ ሄርሼል «ይኼ ልጅ አፉ ካዝና ቢሆን ጥይት አያልቅበትም ነበር» ይሉኛል።

እትዬ ኦፓልን የማያውቅ የለም። በጡረተኞች መኖሪያው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል። የስንቱን ሽማግሌ አንሶላ አጥበዋል፣ ጨምቀዋል፣ አጣጥፈዋል መሰላችሁ! የጣቶቻቸው አንጓዎች ዝንጅብል መስለዋል፣ ጠዋት ጠዋት የቡና ስኒ መያዝ ያቅታቸዋል። ባላቸው ኢስቲል የማዕድን ሠራተኛ ነበር። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን በልቶት በረንዳው ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። አንድ ልጅ ተረፈላቸው፣ ዌስሊ።

ዌስሊ ደግሞ እንደ አባቱ ጉድጓድ ገባ፣ የዋሻው ጣሪያ ወርዶ ጀርባውን ሰበረው። ለሕመሙ ኪኒን ሰጡት፣ ኪኒኑ ሱስ ሆኖ ያዘው። ኪኒኑ ሲጠፋ ደግሞ ከኪኒን የባሰው መጣ። እኛ ጋ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም፣ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲህ ሆኗል። ግን ዌስሊን ደህና ሆኖ ብታዩት! እንጨት ፈልጦ የሦስት ጎረቤት በር ላይ ይከምራል። ያ ነገር ሲይዘው ግን እናቱን አያውቃትም። ባለፈው በረዶ ጊዜ ከበረንዳው ደረጃ ገፍቶ ጣላቸውና የትከሻቸው አጥንት ተሰበረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «በረዶ አዳልጦኝ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ አምኖ ሳይሆን ለክብራቸው ብሎ ዝም አለ።

እኛ ሱቅ አንድ ልማድ አለ። ቤቱ ውስጥ መንፈሱ የታመመ ሰው ያለበት፣ ሱስ የያዘው ወይም ሐዘን ያጠቃው ያለበት ሰው፣ ማንም እንዳይጎዳበት መሣሪያዎቹን አምጥቶ ጋሽ ሄርሼል ጓዳ ካለው ትልቅ የብረት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ጋሽ ሄርሼል ስሙን ፕላስተር ላይ ጽፈው ሰደፉ ላይ ይለጥፋሉ። አይጠይቁም፣ አያስከፍሉም። እትዬ ኦፓልም የኢስቲልን የአደን ጠመንጃዎች በብርድ ልብስ ጠቅልለው ያመጡ ጊዜ፣ ጋሽ ሄርሼል ያሏቸው «ዝገት እንዳይነካቸው ዘይት እቀባልሻለሁ» ብቻ ነው።

እና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ገቡ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው።

«ኦፓል!» አሉ ጋሽ ሄርሼል። አብረው ነው የተማሩት። «የኢስቲልን ዕቃ ልትወስጂ መጣሽ? ዌስሊ ተሻለው እንዴ?»

«አልተሻለውም። ሽጉጥ ልገዛ ነው። ወገቤ ላይ የምትሆን፣ ከልብስ ሥር የማትታይ። ደግሞ ርካሽ ትሁን፣ አዲሶቹን አልችልም።»

ምድጃው አጠገብ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ዱዊ የሚባል ሽማግሌ አለ፣ ሳይጠይቁት የሚመልስ። «ለሴት ትንሿን ስጧት!» አለ። «ያቺን ሮዟን!»

«አንተ ሮዟን ለራስህ ታጠቅ፣ ታምርብሃለች» አሉት እትዬ ኦፓል። ዱዊ ሳቁን ሳይጨርስ ሳል ያዘው።

ይኼ ነው እኮ የሚያናድደኝ! ለሴት ትንሿ፣ ለሴት ቀላሏ ይላሉ። ማንም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሽጉጥ ባነሰችና በቀለለች ቁጥር ስትተኮስ እንደ በቅሎ ነው የምትራገጠው። ትልቋ ደግሞ እጅ ላይ ገራም ናት፣ ግን የት ትደበቃለች? ስለዚህ መምረጥ ማለት የቱን ሥቃይ እችላለሁ ማለት ነው። ይኼን ሁሉ ነገርኳቸው፣ በትዕግሥት ሰሙኝ።

መጀመሪያ ባለ መዘውሯን አምስት ጎራሽ ሰጠኋቸው። ባዶ መሆኗን ከፍቼ አሳየሁና ቃታዋን ሳቡ አልኳቸው። ቃታው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። በሁለት ጣት ሞከሩ። ፊታቸው ቀላ።

«ይቺ እምቢ አለች» አሉ።

ባለ ካዝናዋን አመጣሁ። እሷ ቃታዋ ልስልስ ነው፣ ለማቀባበል ግን የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ መጎተት አለባችሁ። ጣቶቻቸው ተንሸራተቱ። ሌላ ሰጠኋቸው፣ ሌላም። በመጨረሻ እጃቸውን የዕቃ ማሳያው መስተዋት ላይ ዘርግተው የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት።

«ስንቱን አንሶላ ጨምቄ ይቺን አቅቶኝ ይቅር?»

እንደሱ ሲሉ አንድ ነገር መጣልኝ። ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ያገለገለች ነበረች፣ የአንዲት ሟች ነርስ ንብረት የነበረች። ምንም አታምርም፣ ቀለሟ ተፍቋል፣ ዋጋዋ የአዲሶቹን ግማሽ አይሞላም። ግን ጥይቷ ብዙ አይራገጥም፣ ሞላዋም ልል ነው። «እትዬ፣ አይጎትቱ» አልኳቸው። «የላይኛውን ብረት በግራ መዳፍዎ ጥርቅም አድርገው ይያዙና ዝም ይበሉ። ሽጉጧን በቀኝዎ ወደ ፊት ይግፏት። በጣት አይደለም፣ በክንድዎ። አንሶላ ሲጨምቁ እንዴት ነበር?»

ገፏት። ቀጭ! አለች።

ተያየን። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኝ ልዘል ነበር። እሳቸው ግን ደስ አላላቸውም። እጃቸው እምቢ እንዲል ሲመኙ የነበሩ ይመስል ሽጉጧን ቀስ አድርገው መለሷት።

ከዚያ የሽጉጥ ማኅደር ምርጫ ሆነ። የቀበቶውንም የቦርሳውንም አሳየኋቸው። ቦርሳውን በእጃቸው መለሱት። «ቦርሳ ትቀመጣለች፣ ሰው ያነሣታል። መሳቢያም አይሆንም፣ ትራስ ሥርም አይሆንም። ካወለቅኳት የኔ አይደለችም፣ የዌስሊ ናት።» ስለዚህ እንደ መቀነት ሆድ ላይ የሚጠመጠመውን ሰጠኋቸው፣ ላስቲክ ነው፣ ኪስ አለው። ሽርጥ ሲለብሱበት ምንም አይታይም።

ጋሽ ሄርሼል እስከዚያ ቆመው ሲያዩን ነበር። ዱዊን «ሂድና ቡና አምጣ» ብለው ካስወጡት በኋላ ነው የተናገሩት።

«ኦፓል፣ እነዚያን ጠመንጃዎች ከቤትሽ ያወጣሽው ልጁ እንዳይሞት ብለሽ ነው። አሁን መልሰሽ ልታስገቢ?»

«እነዚያን ያወጣሁት እሱ እንዳይሞት ነው። ይቺን የማስገባት እናቱን ገድሎ እንዳይኖር ነው።»

«በሩን ዝጊበታ።»

«ልጄ ነው፣ ሄርሼል። በረዶ ላይ ይደር?»

«እሺ፣ ቢመጣብሽ ትተኩሻለሽ?»

«አላውቅም። ሲያያት ይቆማል ብዬ ነው።»

«ለማሳየት ብለሽ ያወጣሻት ሽጉጥ ያንቺ አትሆንም። ለሁሉም የምነግረው ነው፣ ላንቺ ብዬ አልለውጠውም።»

እትዬ ኦፓል ገንዘባቸውን አወጡ። ጋሽ ሄርሼል እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ አልሸጥም ብለው ያውቃሉ። ያን ቀን ግን የተሰበረውን ትከሻቸውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አዩ፣ ከዚያ ሸጡላቸው። ሥልጠናውን ግን ግድ አሏቸው።

ከሱቁ ኋላ የአፈር ግድብ አለ፣ እዚያ ነው የምናስተኩሰው። የሰው ቅርጽ ያለውን ኢላማ ስሰቅልላቸው አፈሙዟን ዝቅ አደረጉ። «ትከሻው የዌስሊን ይመስላል» አሉኝ። የወረቀት ሰሃን ሰቀልኩላቸው። ሰሃኑን ወንፊት አደረጉት! እጃቸው ከተኩሱ በኋላ ሲያብጥ በረዶ እይዝላቸው ነበር፣ እሳቸው ደግሞ በቆሎ ዳቦ ያመጡልኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ቅጠል ሲረግፍ ዌስሊ ጠፋ። የት እንዳለ አይታወቅም፣ አይደውልም። ለካ ወደ ከተማ ወርዶ በራሱ እግር የሱስ ማገገሚያ ገብቷል። ቀጥሎ የምነግራችሁን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ እዚያው ግድቡ ጋ፣ ሰሃን ሳይሰቀል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ባቄላ ጥደዋል፣ ከአሳማ አጥንት ጋር፣ ዌስሊ በልጅነቱ የሚወደውን። በሩ ተንኳኳ። ዌስሊ አንኳኩቶ አያውቅም። ከፈቱ። ፀጉሩን ተቆርጧል፣ ፂሙን ተላጭቷል፣ ጉንጩ ሞልቷል። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ «እማ፣ ልግባ?» አለ።

እኛ ሥልጠና ላይ አንድ ነገር እናስተምራለን። የታጠቀ ሰው ሲተቃቀፍ እጁን ዝቅ አድርጎ ይቀድማል፣ ያኔ የሌላው እጅ ወደ አንገት ይሄዳል፣ ወገብ አይነካም። እትዬ ኦፓል ይኼን ከኔ ጋር ስንት ጊዜ ተለማምደዋል፣ ዱዊን ሳይቀር አቅፈው! ግን የገዛ ልጅህ ከሞት ተነሥቶ በር ላይ ሲቆም ሥልጠና ትዝ ይልሃል? ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እሱም ወገባቸውን ይዞ ከመሬት አነሣቸው።

ከዚያ እጁ ብረቷ ላይ ቆመ። ቀስ አድርጎ አወረዳቸው።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ታውቃታለህ።»

«ለኔ ነው?»

ለውሻ ነው ቢሉት ያምን ነበር። ሌባ በዝቷል ቢሉትም ያምን ነበር፣ ማመን ፈልጎ ነበር የሚያያቸው። «ልጄን ዋሽቼው አላውቅም» አሉኝ። «አንተ አንተን ላልሆንክበት ጊዜ ነው፣ አልኩት።»

ዌስሊ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ባቄላ ቀዱለት። ማንኪያውን ይዞ ሳይበላ ቆየና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እጅሽ ያቀባብላታል?»

«ኮዲ አስተማረኝ። እየገፋሁ ነው።»

«የላይኛውን ይዘሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ። እንደሱ ነው።» ደግሞ «ከባድ አይደለችም? ጀርባሽን አያምሽም?» አለ።

«ለምጃታለሁ።»

«እማ፣ አታውልቂያት። ደህና ሆኜ ስመጣም አታውልቂያት። ደህና ሆኜ ስመጣ በተለይ፣ ያኔ ነው የምታምኚኝ።»

ከዚያ ወጥቶ እንጨት ፈለጠ። በረንዳውን ሞላው፣ ያን የተገፉበትን ደረጃ የላላ ሳንቃውን በምስማር መታው። ሊጠሩት ሲወጡ የለም። መኪናም አልነበረውም፣ በእግሩ ነው የሄደው። ኦሃዮ ውስጥ ጣሪያ ሲሠራ አየሁት ያለ ሰው አለ፣ ሌላው ደግሞ አይደለም ሌላ ሰው ነው አለ። የምስጋና በዓል መጣ፣ ገና መጣ፣ ዌስሊ አልመጣም።

በቀደም እትዬ ኦፓል ሱቅ ገቡ። ሽጉጧን ከመቀነቱ አውጥተው፣ ባዶ አድርገው፣ እኔ እንዳስተማርኳቸው ከፍተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ጎኗ ቡናማ ሆኗል።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«ላብ ነው እትዬ። ጨው ነው እኮ፣ ገላ ላይ ከዋለች ትዝጋለች። ሲተኙም አያወልቋትም እንዴ?»

ካፖርታቸውን ሰበሰቡ። ዘይት አምጥቼ መፈግፈግ ጀመርኩ። እኔ ደግሞ አፌ መች ያርፋል፣ «ለምን ጓዳ ሣጥኑ ውስጥ አናስቀምጥልዎትም?» አልኳቸው። «ከኢስቲል ጠመንጃዎች ጋር። አሁን እኮ ዌስሊ የለም፣ የሚያስፈራዎት የለም። ወገብዎም ይረፍ።»

ጋሽ ሄርሼል ከኋላዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ዝም በል ማለታቸው ነው።

እትዬ ኦፓል ግን አልተቆጡም። ሁለት እጃቸውን ሽጉጧ በሌለችበት ሆዳቸው ላይ አድርገው ነበር የቆሙት።

«ከሱ የቀረኝ እኮ ይኼ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «አታውልቂያት ብሎኛል። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።»

አፌን ያዝኩ። እኔ! ዝገቱን ጨርሼ አጽድቼ፣ ስስ ዘይት ቀብቼ ሰጠኋቸው። ዞር ብለው ካፖርታቸውን ከፈቱና መለሷት። አወጣጧ ላይ ጣቶቻቸው ቀርፋፋ ነበሩ፣ አገባቧን ግን ሳያዩ ነው ያደረጉት። ቆለፉ፣ ደህና ዋሉ አሉን። ጋሽ ሄርሼል በሩን ያዙላቸው።