ዴንግ የጾመው ረመዳን

ልጅ እያለሁ ለኛ ለደሴ የሆጤ ሰፈር ልጆች እንግዳ ማለት ከደጋን ወይም ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ዘመድ ነበር። የውጭ አገር ሰው ደጃፋችን ላይ አይተን አናውቅም። ዴንግ ሲመጣማ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ቁመቱን ሲለካ ዋለ!

ዴንግ ከደቡብ ሱዳን ደሴ ድረስ ሊማር የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። የሚከራይ ክፍል ሲፈልግ ሁለት ቤት "የማናውቀውን ሰው አናስገባም" ብለው መልሰውታል። እናቴ ግን በአረብኛ ሰላም ሲላት ጊዜ ልቧ ቅልጥ አለ። ለእሷ አረብኛ የቁርአን ቋንቋ ነው፤ የሚናገረው ሁሉ ሙስሊም ነው፤ አለቀ! ሃይማኖቱን መጠየቅ ትዝም አላላት። "አላህ የላከልኝ ልጅ" ብላ የጓሮውን ክፍል ሰጠችው። እኔ ደግሞ ሂሳብ አይገባኝም ነበር፤ ዴንግ ብርቱካን እየከፈለ ክፍልፋይን አስገባልኝ። ወላሂ፣ ከወንድም በላይ ወደድኩት።

ረመዳን ገባና ምሳ የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "አያችሁልኝ? በሰው አገር ሆኖ አንድ ቀን እንኳ አልገደፈም!" እያለች ትኩራራለች። "ጾም የሚገድፍ ጎረምሳ ደግሞ ከኔ ጣራ ስር አያድርም" ትላለች አያይዛ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ ተምር እንድገዛ ፒያሳ ተላክሁ። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱ በሳምቡሳ ሽታ ታውዷል፤ አንጀቴ ይጮሃል። ከአንድ ሻይ ቤት ጓሮ ዴንግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ደረቅ ዳቦ ሲጎርስ አየሁት። ሲያየኝ ዳቦውን ከኋላው ደበቀ። "ለእማማ አትንገሪ፤ ሌላ ቤት የለኝም" አለኝ። አልናገርም ብዬ ማልኩለት። እናቴ ግን ካወቀች ታስወጣዋለች።

አዛን ሲል እናቴ የመጀመሪያዋን ተምር ለዴንግ ዘረጋችለት። "እንካ፣ ከሁላችን የደከምከው አንተ ነህ" አለችው። ዴንግ ተምሯን ሳይቀበል፣ "እማማ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። የቤቱ ሕግ መስሎኝ ነው የጾምኩት። ዛሬ ግን አቃተኝ" አላት።

እናቴ ብድግ አለች። እኔ ቀሚሷን ይዤ "እማ፣ አታባርሪው!" ብዬ አለቀስኩ።

"ማንን ነው የማባርረው?" አለችና ጭንቅላቷን ያዘች። "ያ ረቢ! አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የሰው ልጅ አስርቤ! አፉ በለኝ ልጄ፣ አፉ በለኝ!"

ከማግስቱ ጀምሮ ራሷ እየጾመች ምሳ ትሠራለት ጀመር። መቅመስ ስለማትችል ወጡ አንዴ ጨው ይበዛዋል፣ አንዴ ጭራሽ የለውም። ዴንግ ግን "በጣም ጥሩ ነው እማማ" እያለ ጥርግ ያደርገዋል። ምስኪን!

ያኔ አንድ እንግዳ ብርቅ ነበር። ዛሬ ሆጤ ጓሮውን ሁሉ ክፍል እየሠራ ለተማሪ ያከራያል፤ ከሶማሊያም ከሱዳንም ይመጣሉ፤ የባጃጅ ልጆች ዋጋ የሚከራከሩት በሦስት ቋንቋ ነው። ዴንግን መልሰውት ከነበሩት አንዷ ጎረቤታችን እንኳ አራት ተማሪ አላቸው፤ "ልጆቼ" ነው የሚሏቸው። ደስ ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ጋ ስሄድ አንዲት አዲስ ተከራይ ሻንጣዋን እያስገባች ነበር። "ሃይማኖቷ ምንድን ነው?" አልኳት በሹክሹክታ፣ ያለፈው እንዳይደገም ብዬ።

"እኔ ምን አውቄ!" አለችኝ እናቴ። "ምሳ በስንት ሰዓት እንደምትበላ ግን ጠይቄያታለሁ።"