ከክምሩ አናት የመዘዝሁት ድርቆሽ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጉና ግርጌ ባለው ቤታችን፣ አያቴ ከብቶቹን ሳያበሉ ተረት አይጀምሩም ነበር። ያኔ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስነባ፣ ፍሙ ዳር ተኮልኩለን እንጠብቃቸዋለን። እሳቸው ግን አይቸኩሉም። ከክምሩ ጎን ድርቆሹን በጭብጥ በጭብጥ ይመዛሉ፤ አቧራውን ያራግፋሉ፤ ጨው ውሃ ረጭተው ግርግሙ ውስጥ ያኖሩታል። መሬት ላይ አይበትኑም፤ ከብት የረገጠውን አይበላምና።

ደጋግመው የሚነግሩን የአንድ ገበሬ ተረት ነበር። ሰውየው በታኅሣሥ ድርቆሹን በሸክም እየበተነ ከርሞ፣ ግንቦት ላይ ክምሩ ቢያልቅበት የቤቱን የሣር ክዳን እየነቀለ በሬውን አበላ፤ ዝናቡም ልጆቹ ላይ ወረደ። እኛ በሰውየው ሞኝነት እንስቅ ነበር።

አንድ መጋቢት አያቴ ለሱባኤ ወደ ጣራ ገዳም ሲሄዱ ማብላቱን ለእኔ ተዉልኝ። «ከጎኑ ምዘዢ፤ አናቱን እንዳትነኪው» ብለውኝ ነበር። የክምሩ ጎን ግን ጠጥሮ ጣቴን አሳመመኝ። ስንፍናዬ አሸነፈኝና አናቱ ላይ ወጥቼ የላላውን መዘዝሁ። በሳምንቱ ዝናብ ጣለ፤ ውሃው በከፈትሁለት ገባ። አያቴ ተመልሰው እጃቸውን ክምሩ ውስጥ ቢከቱ ሻጋታ ይዞ ወጣ።

«ከላይ የመዘዘ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

ሻጋታውን ከእጃቸው አራገፉ። «ለእኔ ነግረሽኝ ምን ልሥራው፤ ሂጂ ለቡሬ ንገሪው።»

ቡሬ ከጎረቤት በሬ ጋር የምናጣምደው አንድ በሬያችን ነው። እሱ ከወደቀ ማሳችን ጦም ያድራል።

ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ጠዋት ስነሣ አያቴ መደባቸው ላይ ተቀምጠው የፍራሻቸውን ስፌት ሲተረትሩ አገኘኋቸው። በውስጡ የነበረውን ድርቆሽ አራግፈው ለቡሬ ወሰዱ። አፍሬ የእኔን ፍራሽ ተሸክሜ ብመጣ፣ «መልሺው፤ ብርድ ነው» አሉኝ። ያንን ከሻጋታው ከተረፈው ጋር እየቀላቀሉ፣ በጣት እየመጠኑ፣ ቡሬን ለሰኔ አደረሱት። እሳቸው ግን አዲስ ሣር እስኪታጨድ፣ እስከ መስከረም፣ ቁርበት ላይ ተኙ። ማለዳ ወገባቸውን ይዘው ሲነሡ ባየሁ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር።

ዛሬ ደብረ ታቦር ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ የምተኛውም ስፖንጅ ላይ ነው። የመጋቢት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ ግን እንቅልፍ እንቢ ይለኛል። አያቴ እስኪያርፉ ድረስ ያንኑ ተረት ለታናናሾቼ ሲነግሩ ኖሩ። ገበሬው ክዳኑን ሲነቅል እነሱ ይስቁ ነበር፤ እኔ ፍሙን አይ ነበር። ከክምር አናት የመዘዘችውን ልጅ ግን አንድም ቀን ተረታቸው ውስጥ አላስገቧትም።