የአራተኛ ክፍል ኮረብታ

ኮረብታውን የሠራነው ለአካባቢ ሳይንስ ትምህርት ነበር። ሸለቆና ተራራ በሥዕል ብቻ አይገባቸውም ብዬ ከግቢው ጥግ አፈር አስመጣሁ። ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ ጋር አቦክተን በአሮጌ ዴስክ ላይ ከመርነው። ያን ጊዜ ካዛንችስ ውስጥ ከክፍላችን መስኮት የሚታየው የቆርቆሮ ጣሪያ ነበር። ተማሪዎቼ ደወል ሲሰሙ ከቤት ተነስተው ሮጠው ይደርሱ ነበር።

ወንዙን በሰማያዊ እንድትቀባ ያዘዝኳት ልጅ ከግርጌ ወደ አናት አስኬደችው።

«ውሃ ሁልጊዜ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ነው የሚፈሰው» አልኩና ስለ መሬት ስበት ማስረዳት ጀመርኩ።

«ኧረ ቲቸር፣ ኮረብታው እኮ ሌላ አገር ነው! እዚያ ወንዙ ሽቅብ ወጥቶ ለንጉሡ ይሰግዳል።»

«ለየትኛው ንጉሥ?»

«ለሞተው ነዋ። ውስጥ ነው ያለው።»

በሳምንቱ አገሪቱ ሕግ ኖራት። ኮረብታው የተቀደሰ ስለሆነ በጣት አይጠቆምም፤ አጠገቡ ሲደረስ ድምፅ ይቀነሳል። በልመናም በቁጣም አጥቼው የኖርኩትን ጸጥታ ያስገኘልኝ ይህ ሕግ ነው። ንጉሡ ደግሞ ከዕቃ ክፍል ያመጣሁላቸው፣ አናቱ የተሰበረ የቼዝ ንጉሥ ነው። ዋናው ሕግ ግን ይህ ነበር፦ መቃብሩን የሚያውቀው የቀበረው ብቻ ነው፤ ቀባሪውም ምስጢሩን ይዞ አገሩን ለቆ ይሄዳል። «ታዲያ ማን ይቀብረዋል?» ብዬ ስጠይቅ ማንም እጁን አላወጣም።

ከዚያ ሰፈሩ ለልማት ተነሺ ሆነ። ቀድመው የሄዱት የዚያችው ልጅ ቤተሰቦች ናቸው፤ ከከተማው ዳር፣ ገላን ላይ ቤት ደረሳቸው። በመጨረሻ ቀኗ «እኔ እቀብረዋለሁ፣ ውጡልኝ» ብላ እኔንም ጭምር አስወጥታ በሩን ዘጋችብን። ስትወጣ እጇ ጭቃ ነበር፤ ፊቷን ግን እንደ ለቅሶ ቤት ሰው ኮስተር አድርጋው ነበር።

ከእሷ በኋላ ልጆቹ ሕጉን አሻሻሉት፦ የሚሄድ ልጅ ሁሉ ንጉሡን ፈልጎ ያወጣውና ቦታ ይቀይርለታል፤ ቀሪዎቹ ኮሪደር ላይ ይቆማሉ። ውስጥ ያለው ልጅ ክፍት ቦታ ፍለጋ ኮረብታውን በእርሳስ ሲያንኳኳ ይሰማናል።

«ፍጠን እንጂ፣ ንጉሡን ቀሰቀስከው እኮ!» ይላል አንዱ በበሩ ቀዳዳ።

«አንተ ዝም በል፣ ላንተም ይደርስሃል» ትለዋለች አጠገቡ የቆመችው።

ደረሰው። ለእሷም ደረሳት። መጀመሪያ ኮሪደሩን ሞልተነው ነበር፤ እያደር አንድ ግድግዳ በቃን። በመጨረሻ አንድ ልጅ ውስጥ፣ እኔ ውጭ ሆንን። ልጁ ሲወጣ በጭቃ እጁ ጨበጠኝ። «ቲቸር፣ እርስዎ ይጠብቁታል አይደል?» አለኝ። እጠብቀዋለሁ አልኩት።

ከዚያ በኋላ ሌላ ክፍል እያስተማርኩ እንኳ ጠዋት ጠዋት እዚያ ባዶ ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ቀን እጽፍ ነበር። ማታ እስከ መስቀል አደባባይ በእግሬ እሄዳለሁ። መንገዱ ሰፊና ንጹሕ ሆኗል፤ የሚያውቀኝ ግን የለበትም። ድሮ «ቲቸር!» ሳልባል አንድ ቅያስ አልፌ አላውቅም።

ክረምት ሲገባ እኔም ሰንጋ ተራ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። ያ ክፍል የተሰባበሩ ወንበሮች ማከማቻ ሊሆን ነው። ኮረብታው ከዴስኩ ጋር ተጣብቆ ስለደረቀ ይዤው ልሄድ አልችልም። እንግዲህ በሕጉ መሠረት አሁን የሚሄደው እኔ ነኝ፤ ንጉሡን ማግኘት ያለብኝም እኔ ነኝ። ከዚያ ክፍል የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። አንዱ ልጅ ይዞት ሄዶ ከሆነ ግን ስጠብቅ የከረምኩት ባዶ አፈር ነው ማለት ነው።

በሩን ዘግቼ በእርሳስ አንኳኳሁ። በግድግዳው በኩል ድምፁ ተለወጠ። ጭቃውን በማንኪያ ፈልፍዬ አወጣሁት።

ንጉሡ አለ። በመጀመሪያዋ ልጅ ቢጫ የፀጉር ሪባን እንደተጠቀለለ ነው። ማንም ቦታ አልቀየረለትም። ሁሉም አግኝተውት፣ ጎኑ የየራሳቸውን ነገር አስቀምጠው መልሰው ዘግተውታል፦ ብይ፣ የወለቀ ጥርስ፣ የከረሜላ ወረቀት፣ የበር ቁልፍ። ቁልፉን አውቀዋለሁ፤ አንዱ ልጅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይመጣ ነበር። የቤታቸው በር የነበረበት ቦታ አሁን የብስክሌት መንገድ ነው።

ዕረፍት ሲያልቅ ልጆቹን እጠራበት የነበረውን ፊሽካ ከኪሴ አውጥቼ ከቁልፉ አጠገብ አስቀመጥኩና በውሃ ባራስኩት ጭቃ ደፈንኩት። ያን ጊዜ ነው ሥርዓቱ ጎዶሎ መሆኑ የታወቀኝ፤ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው የለም። ወጣሁ፤ በሩን በቀስታ ዘጋሁና ልጆቹ ይቆሙበት የነበረውን ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ጭቃው እጄ ላይ መድረቅ ጀመረ።

የግቢው ጥበቃ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ መጡ።

«ቲቸር፣ ልዝጋው? ምን ትጠብቃለህ?»

«ትንሽ ይታገሱኝ ጋሼ» አልኳቸው። «ውስጥ ሰው አለ።»