እናቴን አላውቃትም ያልሁ ለት

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በእንግሊዝኛ ከክፍሌ አንደኛ ነበርሁ። ይህንንም የማያውቅ ሰው ቢቸና ውስጥ እንዳይኖር የተቻለኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ስለዚህ የሲኒማው መኪና የመጣ ቀን የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ከክፍል አስጠርቶ «ፊልሙን ለሕዝቡ የምታስተረጉሚው አንቺ ነሽ» ሲለኝ፣ አልደነገጥሁም። እንዲያውም እስከዚያ ድረስ ለምን ዘገዩ ብዬ ነበር።

መኪናዋ በየአውራጃው እየዞረች ፊልም የምታሳይ አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ከኋላዋ ሞተር፣ የፊልም ማሳያ መሣሪያ፣ ተጠቅልሎ የታሰረ ነጭ አቡጀዲና አንድ ድምፅ ማጉያ ተጭኖባታል። የሚነዳትም ፊልሙን የሚያሳየውም አንድ ሰው ነው፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ሪዙን የተከረከመ የአዲስ አበባ ሰው። እንግሊዝኛውን የሚያስተረጉምለት ባልደረባው ታሞ ደብረ ማርቆስ ቀርቶበታል።

«ፊልሙ የጦርነት ነው» አለው ለዳይሬክተሩ። «የፈረንጅ ንጉሥ ወታደር ልኮ የሰው አገር ሲይዝ ያሳያል። እውነቱን ልንገርዎ፣ አዲስ አበባ ላይ ማንም ዞር ብሎ አላየው። ሰዉ የሚፈልገው ካውቦይና የሕንድ ዘፈን ነው። ለባላገር ይሁን ብለው ለእኔ ሰጡኝ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ተማሪ፣ ቃል በቃል ባይሆንም ግድ የለም። ብቻ ሰዉ ዝም ብሎ እንዲያይ አድርጊልኝ።»

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ መስኮቶች በጆንያ ጋረድናቸው። ጆንያው ቀዳዳ ስለ ነበረው አቡጀዲው ላይ እንደ ጤፍ የተበተነ ብርሃን ይታያል። ከፊት ወንበሮች ላይ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ተቀመጡ። ከኋላቸው በጠላት ዘመን የዘመቱ ሽማግሌዎች ዱላቸውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ሴቶቹ በግራ በኩል መሬት ላይ ናቸው። እናቴም በርበሬዋን ሸጣ ጨርሳ፣ ከማኅበር ጓደኞቿ ጋር መሃላቸው ተቀምጣለች። የነጠላዋ ጥለት በበርበሬ ብናኝ ቀልቷል። አየችኝና እጇን አነሣችልኝ። እኔ ድምፅ ማጉያ ይዤ ስለ ነበር አላነሣሁላትም። እጄ ባዶ ቢሆንም አላነሣላትም ነበር።

ፊልሙ ጀመረ። ባርኔጣ የደፉ፣ መድፍ የሚጎትቱ ወታደሮች በተራራ መንገድ ይጓዛሉ። መሪያቸው ወጣት መኮንን ነው። ከተራራው ማዶ ደግሞ ጋሻና ጦር የያዙ የአገሩ ሰዎች ተሰብስበው በራሳቸው ቋንቋ ይመክራሉ። የእነሱን ቋንቋ እኔ አልሰማውም፤ ፊልሙም አይተረጉመውም። የሚገባኝ የመኮንኑ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እሱ በተናገረ ቁጥር እኔን ያነጋገረኝ እየመሰለኝ ደስ አለኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ሳላስብበት ለእሱ የወገንሁት።

«ይህ ጀግናው ነው» አልሁ በድምፅ ማጉያው። «ማዶ ያሉት ጠላቶቹ ናቸው።»

«የቶቹ?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

«ጋሻ የያዙት፣ አባባ።»

አዳራሹ ተንጫጫ።

«ኧረ ልጂቱ ገልብጣዋለች!»

«ከሰው አገር መድፍ እየጎተተ የመጣው ማን ሆነና?»

«ዳገቱ የማን ነው? እሱን ንገሪን መጀመሪያ!»

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት መቱ። «ልጄ፣ እኛ ይችን ነገር ዓይተናታል። ባርኔጣ የደፋው ነው ጠላት።»

እኔ ምን ብዬ መለስሁ? «እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ ነው እንጂ ነገሩ ሌላ ነው፣ አባባ» አልኋቸው። ያውም በድምፅ ማጉያ። ከፊት ወንበር ያሉት ሳቁ፤ እኔም ሳቃቸውን እንደ ሽልማት ቆጠርሁት።

ሽማግሌዎቹ ግን እኔን ትተው በራሳቸው መንገድ ማየት ጀመሩ። ባለ ጋሻዎቹ ፊት ለፊት ሲሮጡ «ኧረ በጎን! በጎን ግቡበት!» ይላሉ። «ተኛ! መድፍ ነው፣ ተኛ!» ይላሉ። መድፉ አንድ ጊዜ ሲከሽፍ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰውየው መሣሪያው አጠገብ ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ከዚያ መድፉ ሠራ። ባለ ጋሻዎቹ እንደታጨደ ገብስ ወደቁ። ጢሱ ሲገለጥ ሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ሰው «ነፍስ ይማር» አለ።

በዚህ ጊዜ አንዲት ሴት ተነሥታ ቆመች። ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቀችና ደረቷን መታች።

*ከሞተበት ሜዳ ጋሻው ተገኘና፣*
*እሱን ማን ያንሳልኝ፣ መንገዱ ሩቅ ነውና።*

እናቴ ናት። የማኅበር ጓደኞቿም አንድ በአንድ እየተነሡ ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ተቀበሏት። ለቅሶው የመኮንኑን ንግግር ዋጠው። መኮንኑ አቡጀዲው ላይ በሙታኑ መሃል እየተራመደ አፉን ይከፍታል፤ እኔ ግን አንድ ቃል አልሰማም።

ሰውየው አጠገቤ መጣ። «ማን ናት ያቺ ሴትዮ?»

«አላውቃትም» አልሁ።

ማንም አላስገደደኝም። ቃሉ ከአፌ የወጣው በቀላሉ ነው።

«በይ ዝም አስብያት።»

ድምፅ ማጉያውን አነሣሁ። «ይህ ፊልም ነው! የሞተ ሰው የለም!» አልሁ። ዝም አላሉም። የፊተኞቹ ዞረው እያዩ ይሳሳቃሉ። እኔም ሐፍረቱ ፊቴን ሲያቃጥለኝ ጊዜ «አንቺ በርበሬ ሻጭ፣ አንቺን ነው! አታልቅሺ!» ብዬ ጮህሁ።

የእናቴ ድምፅ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ አለ። ወደ እኔ አላየችም። የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ከተተችና ነክሳ ቁጭ አለች።

ማታ ቤት ስገባ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገረችም። ሰውየው ሞጣም እንዳስተረጉምለት ዳይሬክተሩን ጠይቆት ነበር። የሞጣ ተወላጅ የሆነች አስተማሪያችን አብራን ስለምትሄድ ተፈቀደልኝ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችልኝና «እህቴን ሳሚልኝ» አለችኝ። ይኸው ነው። እኔም ነገሩ ያለፈ መሰለኝ።

በግንደወይን አድርገን ሞጣ ስንደርስ አቧራው ቅንድቤን አንጥቶት ነበር። ያረፍሁት ከእናቴ ታላቅ እህት ዘንድ ነው። እራት እየበላን የፊልሙን ወሬ ጀመርሁላት። ሽማግሌዎቹ «በጎን ግቡበት» ያሉትን፣ መድፉ ሲከሽፍ የጮኸውን እልልታ፣ ሁሉንም እያስመሰልሁ ነገርኋት። አክስቴ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ልብ ሰጠኝና የለቅሶውንም ጨመርሁላት።

«አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሙሾ አታወርድ መሰለሽ? ለሥዕል!»

«አይ የቢቸና ሰው! ማን ናት እሷ?»

እንጀራዬን ቆረስሁ።

«ማን ናት እኮ? የቢቸናን ሰው መቼም አውቃለሁ።»

«እናቴ» አልሁ።

የአክስቴ ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። የጎረሰችውን እንኳ የዋጠች አይመስለኝም። «ማን ሞተ ነበር በፊልሙ?» አለችኝ።

«ጋሻ የያዙ ሰዎች። ሜዳ ላይ።»

እጇን ከገበታው አነሣች። «አባታችን ከአርበኞች ጋር ወደ አባይ በረሃ ወርዶ ነው የቀረ። ይህን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«መርዶው የመጣ ቀን ባንዶቹ ከቤታችን ፊት ለፊት ሰፍረው ነበር። ያለቀሰ ቤት የአርበኛ ቤት ነው ይሉና ያቃጥላሉ። አጎታችን እንጨት ሻጭ መስሎ ገብቶ በሹክሹክታ አረዳን። እኔ ትልቅ ነኝና ገባኝ። እናትሽ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ልትጮህ አፏን ስትከፍት እናታችን የነጠላዋን ጫፍ ጎሰጎሰችባት። ‹አታልቅሺ› አለቻት። እስኪመሽ ድረስ እንደዚያ ይዛት ዋለች።»

«ጠላት ከወጣ በኋላስ?»

«ጠላት ሲወጣማ አገሩ ሁሉ እልል አለ። በእልልታ መሃል ማን ያለቅሳል? ተዝካሩን አወጣን። ለቅሶው ግን ቀረ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ስታለቅስ ማን ዝም አሰኛት?»

ሰሐኑን አንሥቼ ወጣሁ። ውጭ እንደ ቆምሁ ግን «አታልቅሺ» ያልሁት ቃል ከነድምፅ ማጉያው ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ያ ሁሉ ቃል እያለ፣ አማርኛ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ እኔም ያችኑ አንዲት ቃል መርጬ ነበር።

በማግሥቱ የሞጣ ሰው አዳራሹን ሞላው። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሰውየው ድምፅ ማጉያውን ከእኔ ተቀብሎ ራሱ ተናገረ። «ወገኖቼ፣ ይህ ፊልም ነው። ቢቸና ላይ አንዲት እብድ ሴትዮ ተነሥታ አልቅሳ ረብሻን ነበር። እናንተ ጨዋ ናችሁ፣ እንደዚያ እንዳታደርጉ!» ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ድምፅ ማጉያውን መለሰልኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ከንፈሬ ድረስ ደርሶ ነበር። «ፊልሙ ሊጀምር ነው» አልሁ።

ሞጣ ላይ ማንም አላለቀሰም፤ ማንም እልል አላለም። የጀግናውንና የጠላቱን ነገር እኔም ተውሁት፤ የሚናገሩትን ብቻ ተረጎምሁ። ባለ ጋሻዎቹ ሲወድቁ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው «አይተነዋል» ብለው ወጡ። በዝምታው ምክንያት በስተመጨረሻ የመኮንኑን ንግግር ሰማሁት። በሙታኑ መሃል ቆሞ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። ተረጎምሁት፦ «ከቤታቸው ድረስ መጥተን ገደልናቸው። የሚያለቅስላቸው ሰው እንኳ አላስቀረንም።»

እጄ ላይ ድምፅ ማጉያው ከበደኝ። ማንም ዞር ብሎ ያላየው ያ ፊልም ለካ የተሠራው ሰው እንዲያለቅስበት ነበር። እንደሚገባው ያየችው አንዲት በርበሬ ሻጭ ናት፤ እሷንም ዝም አሰኘኋት። እንግሊዝኛ የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ!

ሰውየው አቡጀዲውን እየጠቀለለ «ጎበዝ!» አለኝ። «ዛሬ አማረልን። እንደዚያች የቢቸና እብድ ቢነሡብን አልቀን ነበር፣ አይደለም እንዴ?»

«አዎ» አልሁ። ሁሉን ካወቅሁ በኋላ ነው አዎ ያልሁት። እሱ ያንኑ ቀን ወደ ሌላ አውራጃ ነዳ።

አስተማሪዬና እኔ በእህል መኪና ተመለስን። ቤት ገብቼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ እናቴ እግር ላይ ወደቅሁ። እሷ በርበሬ ትቀነጥብ ነበር።

«ምን ሆነሻል?»

«እማዬ፣ አክስቴ ነገረችኝ። ይቅር በይኝ።»

«ቂል መሰልሁሽ?» አለችኝ። «ሥዕል መሆኑን ያጣሁት መሰለሽ? ሴቶቹም ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ሳይ፣ ሰው እያየኝ አንድ ቀን ባለቅስለት ብዬ ነው።»

«አታልቅሺ ያልሁሽ ሳላውቅ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አላውቃትም ያልሽውስ?»

ሰምታኛለች ብዬ አላሰብሁም ነበር። ድምፅ ማጉያውን ሳላጠፋው ኖሯል የተናገርሁት።

«ይቅር በይኝ፣ እማዬ።»

«በሰው ፊት ክደሽኝ፣ ጓዳ ውስጥ ነው ይቅርታ የምትይኝ?» እጇን ጠረገች። «በሰሙሽ ሰዎች ፊት መልሺው። ሐሙስ የማርያም ማኅበር ነው፤ ያን ለት ያለቀሱት ሁሉ ይመጣሉ።»

ሐሙስ እስኪደርስ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላገኘሁም። የማኅበሩ ጠበል ጠዲቅ ከተባረከ በኋላ ካህኑ ሲወጡ፣ እኔ ከበሩ አጠገብ ተነሥቼ ቆምሁ። ያን ለት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት የጮህሁት እኔ፣ አሁን በአሥራ ሁለት ሴቶች ፊት ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ያን ለት ‹አላውቃትም› ያልሁት ውሸት ነው። እናቴ ናት» አልሁ።

«ምን አለች?» አሉ ጆሮ የሚከብዳቸው ባልቴት።

«እናቴ ናት አለች!» አለቻቸው አጠገባቸው ያለችው።

«እንዴ! እናቷ ምጥ ላይ ሁለት ቀን የቆምነው ለማን መስሏታል?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፤ እናቴም አልሳቀችም። ዋንጫ በዋንጫ ጠላ ትቀዳለች።

«እግዜር ይፍታሽ፣ ልጄ» አሉ ባልቴቷ። «ልጅ ናት፣ ተዋት በቃ።»

«እሷስ ትፈታ» አለች ሌላዋ ማኅበርተኛ። «ያ ጥቁር መነጽር ያደረገውስ? እስከዛሬ በየአገሩ እየዞረ በቢቸና ሴት ይስቅ ይሆናል። ለእሱ እናቷ መሆኗን ማን ነገረው?»

ሁሉም ወደ እኔ አዩ። እናቴም ማሰሮውን አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ሞጣ ላይ ከጎኑ ቆሜ እንደ ነበር፣ እብድ ሲላትም «አዎ» እንዳልሁት ለማንም አልተናገርሁም ነበር። መቀመጥ እችል ነበር፤ ይቅርታው ከአፋቸው ወጥቷል።

ገና እንደ ቆምሁ ስለ ነበር፣ ያንንም ነገርኋቸው።