በእንሰት ቅጠል ስር

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ልመስክር ብዬ ቆሜያለሁ። ከብዙ እሁድ ጀምሮ «ዛሬስ እነሳለሁ» እላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አማርኛዬን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እቤት ካፊኖኖ ነው፣ አማርኛ ገበያ ስንወጣ ነው። ከተሳሳትኩ ሳቁ፣ አልቀየምም። ጌታ ግን ይክበር! እሱ ያደረገልኝን አፍኜ መያዝ አልቻልኩም።

ዛሬ እዚህ ቦንጋ ታዩኛላችሁ እንጂ ያገባሁት ማንኪራ ነው፤ ቤታችንም ጫካው ውስጥ ነበር። ባሌ አድማሱ ቡና ይለቅማል፣ ቀፎ ይሰቅላል። እኔ የዚያን ጊዜ እግዚአብሔርን የማውቀው በስሙ ብቻ ነበር። ሲያነጥሰኝ እጠራዋለሁ፣ ሲያደናቅፈኝ እጠራዋለሁ፣ በቃ። ክፉ ሰው ግን አልነበርኩም፤ ለምስክርነቱ ማሳመሪያ ብዬ ክፉ ነበርኩ አልላችሁም።

የባሌ ታናሽ ወንድም ወርቅነህ አማኝ ነበር። ያው እዚህ ፊት ለፊት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ አይዞህ ወንድሜ፣ ተናገሪ ብለህ ፈቅደህልኛል። ወርቅነህ ቤታችን ከመጣ ስብከት ነው። እኔ ከምንጭ ጀሪካን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ እሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ስለ ሕይወት ውሃ ይነግረኛል። ጀሪካኑን ግን አይቀበለኝም! «ወርቅነህ፣ እኔን ወገቤን የቆረጠኝ ይሄኛው ውሃ ነው» እለዋለሁ። አድማሱ ይስቃል፤ ወርቅነህ ስብከቱን ይቀጥላል።

እትዬ ታደለች የሚባሉ ጎረቤትም ነበሩን። እሳቸውም አማኝ ናቸው፣ ግን ወሬ አያበዙም። መንገድ ላይ ስንገናኝ «ደህና ነሽ?» ይሉኛል፣ ያልፋሉ። አማኝ መሆናቸውን ያወቅሁት እሁድ እሁድ ከነወርቅነህ ጋር ሲሄዱ አይቼ ነው።

ከዚያ የመጀመሪያ ልጄን አረገዝኩ። ምጡ የያዘኝ ክረምት ላይ ነው። ምጡ መጣ፣ ቆየ፣ ጠና፤ ልጅ ግን አልመጣም። ደም መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አየችኝና ፊቷ ተለወጠ። «ሆስፒታል፣ አሁኑኑ» አለች። አምቡላንስ ጠራች፤ መኪናው ዋናው መንገድ ድረስ ይመጣል፣ የእኛን ጭቃ ግን አይደፍረውም። «እስከዚያ በሸክም ነው» አለች። ስትወጣ ለአድማሱ ዝቅ ብላ «ከዘገያችሁ ሁለቱም…» ስትለው ሰማሁ። ቀሪውን አልተናገረችም፤ እኔ በልቤ ጨረስኩት።

አያችሁ ወገኖቼ፣ ደም ሲፈስ ሰው ብዙ አይፈራም፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ቃሬዛውን ከእንጨትና ከገመድ ሲያስሩ ድምፃቸው ከሩቅ ይሰማኛል። አነሱኝ። ቤቴ ራቀኝ። ከዚያ በኋላ የማየው ላይ ላዩን ብቻ ነው፤ ዛፍ፣ እንደገና ዛፍ፣ ብርሃኑ በቅጠሉ መሃል ጠብ ጠብ ሲል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይሻገራሉ፣ ነጭ ጅራታቸው ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይነሳል። የሚሄደው ጫካው እንጂ እኔ አልመሰለኝም። ልጄ ሆዴ ውስጥ ጸጥ ብላለች። «ትሰሚኛለሽ?» እላታለሁ፤ ሴት መሆኗን እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ። አትመልስልኝም። ያ ብቻ ነበር የሚያስፈራኝ።

ከራስጌዬ የተሸከመው ወርቅነህ ነበር። በልቤ «በቃ፣ አገኘኝ! ማምለጫ የለኝም፣ መንገዱን ሙሉ ሊሰብከኝ ነው» አልኩ። ጠበቅሁት። ምንም የለም። የምሰማው «ጉቶ አለ»፣ «ቀስ»፣ «ያዝ፣ ያዝ፣ ወንዙ ነው» ብቻ። ላቡ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል። ቢቸግረኝ እኔው ጠየቅሁት፦

«ወርቅነህ፣ ዛሬስ ምነው ዝም አልክ?»

«ትንፋሽ የለኝም» አለኝ።

ጌታ ይባረክ! ከስብከቱ ሁሉ ልቤ የገባችው ያቺ ነች።

ዝናቡ ጠነከረ። ፊቴን እንዳይመታኝ ብለው ጋቢውን ከራሴ በላይ ሳቡልኝ። ለደግ ብለው ነው፤ ግን ታውቃላችሁ፣ በእኛ አገር ቃሬዛ በሽተኛም አስከሬንም ይሸከማል፣ የሚለየው ፊቱ መሸፈኑ ነው። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች አገኙን። ቃሬዛ አዩ፣ የተሸፈነ ፊት አዩ። ሸክማቸውን ጣሉና ደረታቸውን እየመቱ «ዋይ! ዋይ! የማን ቤት ፈረሰ!» ብለው አለቀሱ። እኔ ጋቢው ስር ሆኜ እሰማለሁ። ምን አልኩ መሰላችሁ? «አሃ፣ ሞቻለሁ ማለት ነው።» እውነቴን ነው! አልከፋኝም። እንዲያውም «ደህና አድርገው ነው የሚያለቅሱልኝ» አልኩ። መልስ ልስጥ ብል የምችል ይመስለኛል፣ ግን ማን ይድከም? ለቅሶው እየራቀ፣ እየለሰለሰ፣ እሹሩሩ ሆነብኝ። ልተኛ ነበር ወገኖቼ። ያንን እንቅልፍ ብተኛው ኖሮ ዛሬ ሌላ ሰው ነበር እዚህ የሚቆመው።

ጋቢው ተገለጠ። ዝናብ የሚወርድበት የእትዬ ታደለች ፊት ነበር። ለካስ ከቤቴ ጀምሮ ከጎኔ ነበሩ! «አለች!» ብለው ጮኹ፣ እኒያ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት። «አለች፣ ምን ያስለቅሳችኋል! ዓይኗን እዩ! ይልቅ ትከሻ ስጡ!» ሴቶቹ ክው አሉ። እንባቸውን ሳይጠርጉ ጭቃው ውስጥ ገብተው የቃሬዛውን ጎን ያዙ።

እትዬ ታደለች ከዚያ በኋላ ፊቴን አላስሸፈኑም። ከሰው ጓሮ ትልቅ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው መጡና ከፊቴ በላይ ያዙልኝ። እንደያዙ፣ በጎን እየተራመዱ፣ እግራቸው ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ፣ መኪናው ድረስ። ዝናቡ ቅጠሉን ይመታል፣ በእሳቸው ክንድ ይወርዳል፣ እኔን አይነካኝም። ብርሃኑ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ውሃ ውስጥ ተኝቼ ሰማይን የማይ መሰለኝ። እዚያ ውስጥ ሆኜ ሌላም አብሮን የሚሄድ እንዳለ አወቅሁ። አላየሁትም፣ ድምፅም አልሰማሁም። የእትዬ ታደለች ክንድ ሲንቀጠቀጥ ግን አያለሁ፤ ይንቀጠቀጣል፣ አይወርድም። «ይሄ የእሳቸው ጉልበት ብቻ አይደለም» አልኩ። የዚያን ጊዜ ልጄ ረገጠችኝ! ሃሌሉያ! ስሙ ይባረክ!

ሆስፒታል እንደደረስን በቀዶ ጥገና ተገላገልኩ። ሐኪሙ አድማሱን «ትንሽ ብትቆዩ አንዳቸውንም አናተርፍም ነበር። በምን አመጣችኋት?» አለው። «እስከ መኪናው በትከሻ» አለው። ሐኪሙ የወርቅነህን የተላጠ ትከሻ አየና «በሉ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ» ብሎ ሄደ።

ስነቃ ልጄ ከጎኔ ነበረች። በመስኮቱ ግቢው ይታየኛል፤ እትዬ ታደለች ቧንቧው ስር ጎንበስ ብለው በደም የራሰውን ጋቢዬን ያጥባሉ። የራሳቸው ቀሚስ እንኳ አልደረቀም። ሲገቡ አለቀስኩ።

«እትዬ፣ ለምን ይሄን ሁሉ አደረጉልኝ?»

«ዝናብ ነበር እኮ» አሉ።

«እሱስ ነበር፤ ግን ለምን?»

«እኔን ጌታ ሜዳ ላይ አልጣለኝም። አንቺን እንዴት ልጣል?» አሉና የልጅቷን እግር ሸፈኑ።

«በሉ ስለ እሱ ይንገሩኝ» ስላቸው «ወርቅነህን ልጥራልሽ፣ እሱ ያውቅበታል» ብለው ሊነሱ! እጃቸውን ያዝኩ። «እርስዎ ይጸልዩልኝ።» ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ሆይ፣ ይቺውልህ። አሜን» አሉ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ቀሪውን እሱ ያውቃል።»

እኔም ተከትዬ «ይኸው እኔ» አልኩት። በዚያች አልጋ ላይ ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

ወርቅነህ ዛሬም ይሰብካል፣ ማን ያስቆመዋል? ግን አሁን እየተሸከመ ነው የሚሰብከው። ልጄም ያቻት፣ ኋላ ከልጆቹ ጋር ትንጫጫለች። ጌታዬ፣ ምን ልክፈልህ! ወገኖቼ፣ ልባችሁ የደከመ ካላችሁ እመኑት። ሰው ሁሉ አልቅሶ ቢሸኛችሁ እንኳ እሱ አይሸኛችሁም።

ብዙ ልል አስቤ ነበር፤ ግን ልሂድ። ከቤታችን በታች ሱቅ ያላት ዘይነባ በቀዶ ጥገና ወልዳለች። ዘመዶቿ ወሎ ናቸው፣ ገና አልደረሱም፤ ባሏ ሱቁንም አራሷንም ይዞ ግራ ገብቶታል። ገንፎ ላገነፋላት፣ የሕፃኑን ጨርቅ ላጥብላት ነው። እዚያ ቤት ስብከት የለኝም። ማጠብ የማይከብዳት እህት ካለች ትከተለኝ፤ ወንድምም ቢሆን እሰየው፣ እንጨት የሚፈልጥ ጠፍቷል። ተነሱ እንጂ! አሜኑን እየሄድን እንላለን።